ማደያችንን ወደ ፀሐይ ስናዞር ከየት እንጀምር?

ከአባቴ የተረከብኩት ማደያ ኮምቦልቻ ነው፤ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ዳር። ልጅ ሆኜ፣ ሰኞ የባቲ ገበያ ሲበተን፣ እናቶች ጠርሙስ ይዘው ላምባ ሊገዙ ይመጡ ነበር። አንዲት እናት አሁንም ይመጣሉ። ባለፈው ዓመት ጠርሙሱን ባዶውን ይዘው ቆሙና «ልጄ፣ ወላሂ ጭሱ ዓይኔን ጨረሰው። ያችን በፀሐይ የምትሞላ መብራት አትሸጡም?» አሉኝ። አንሸጥም ነበር። አፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ የሠራሁትን ለማደያ ባለቤቶች እጽፋለሁ።

መጀመሪያ፣ ነዳጅ የሚያቀርብላችሁ ኩባንያ እስኪጀምርላችሁ አትጠብቁ። የዓለም ትልልቆቹ እንኳ ወደፊት ሄደው ወደኋላ ይመለሳሉ። የእንግሊዙ ቢፒ እ.ኤ.አ. በ2020 የነዳጅና ጋዝ ምርቱን በ10 ዓመት ውስጥ በ40 በመቶ እቀንሳለሁ አለ። በ2023 ወደ 25 በመቶ አወረደው። በ2025 ጭራሽ ተወው። የኖርዌዩ ስታትኦይል በ2018 ኢኩዊኖር፣ የፈረንሳዩ ቶታል በ2021 ቶታልኢነርጂስ ተባሉ፤ ሁለቱም ዛሬም ነዳጅ ያወጣሉ። ከልቡ የዞረ ከተባለ የዴንማርኩ ዶንግ ነው። በ2017 የነዳጅና ጋዝ ጉድጓዶቹን ሸጦ ኧርስትድ ሆነ፤ ዛሬ ባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ያመነጫል። እንግዲህ አንድ ኩባንያ «አረንጓዴ ሆኛለሁ» ሲላችሁ ስሙን ሳይሆን ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ጠይቁ። ፓነል ልትከልላችሁ ካለም ውሉ ላይ የማን ንብረት እንደሆነ ይጻፍ።

ቀጥሎ አንድ ሌሊት ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩ። እኔ ደብተር ይዤ ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ተቀመጥኩ። መብራት የሚበላብኝ ፓምፑ ይመስለኝ ነበር። ሁለቱ ፓምፖቼ እያንዳንዳቸው 1.1 ኪሎ ዋት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በቀን የሚሠሩበት ሰዓት ቢደመር 4 አይሞላም። ስለዚህ ሁለቱ ተደምረው ከ9 ኪሎ ዋት ሰዓት አያልፉም (አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 1 ኪሎ ዋት የሆነ ዕቃ በአንድ ሰዓት የሚበላው መብራት ነው)። ጣሪያው ሥር ያሉት 8 አሮጌ አምፖሎች ግን እያንዳንዳቸው 400 ዋት ነበሩ። 12 ሰዓት ሲበሩ ከ38 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይጠጣሉ። በ100 ዋት ኤልኢዲ ቀየርኳቸው፤ ወደ 10 ወረደ። ገና አንድ ፓነል ሳልገዛ ማለት ነው። ይህን ሳታደርጉ ሶላር የምትገዙ ከሆነ ለአሮጌ አምፖል ነው የምትገዙት።

ከዚያ በኋላ የቀረኝ ፍጆታ፣ ቢሮውና ዋይፋዩ ተጨምሮ፣ በቀን 22 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ዋይፋዩን አትናቁት። ክፍያው በስልክ ከሆነ ወዲህ ኔትወርክ ሲጠፋ ቤንዚን እያለን ሰልፉ ይቆማል። በበጋ 1 ኪሎ ዋት ፓነል በቀን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል ብላችሁ ብታሰሉ አትሳሳቱም። እኔ 6 ኪሎ ዋት ተከልኩ፣ ፊቱን ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል አድርጌ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አይበቃም፤ ከመስመር መብራት ጋር ማገናኘት ግድ ነው። በበጋ ደግሞ አቧራውን በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት፣ ፓነሉ ሳይግል እጠቡ።

ኢንቨርተር ላይ፣ ማለትም የፓነሉንና የባትሪውን ኃይል ፓምፑና አምፖሉ ወደሚሠሩበት መብራት በሚቀይረው ሳጥን ላይ፣ አትቆጥቡ። ፓምፕ ሲነሳ ለቅጽበት ከተጻፈበት ብዙ እጥፍ ይስባል። መጀመሪያ የተገጠመልኝ 3 ኪሎ ዋት ነበር፤ ሁለቱ ፓምፖች አንድ ላይ ሲነሱ ጠፋና ማደያው ጨለመ።

አሁን የምጽፈውን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ያው ገጣሚ የባትሪውን ሳጥን ከታንኩ መተንፈሻ ቱቦ አጠገብ፣ ግድግዳው ሥር አስቀምጦልኝ ነበር። ለገመዱ ቅርብ ስለሆነ ነው። በሦስተኛው ቀን የሳጥኑን በር ስከፍት ቤንዚን ሸተተኝ። እጄ ብሬከሩ ላይ ነበር። ብሬከሩን ሳልነካካ እጄን ቀስ ብዬ አነሳሁ፣ በሩን ክፍት ትቼ ሄድኩ፣ ሽያጩን አስቆምኩ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት እየሄደ ዝቅ ያለ ቦታ ይጠራቀማል። አንዲት ብልጭታ ትበቃው ነበር። ባትሪና ኢንቨርተር ከመተንፈሻው፣ ከፓምፖቹና ቦቴ ከሚያራግፍበት ቦታ ርቀው፣ ነፋስ በሚያገኝ ክፍል ይሁኑ። የእኔ አሁን ከቢሮው ጀርባ ነው። ፓነሉንም ጣሪያው ላይ ከማውጣታችሁ በፊት ብረቱ ነፋሱን ይችል እንደሆነ መሐንዲስ ይየው።

የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀርስ? በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ሁሉም ይጠይቀኛል። በጣሪያ ሶላር አይሆንም። 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ7 ኪሎ ዋት ቻርጀር ከ7 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ፈጣኑ ደግሞ 60 ኪሎ ዋት ይፈልጋል፤ የራሱ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። የመስመር መብራታችን አብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ ከእሱ መሙላት ምንም አያሳፍርም። ግን ትራንስፎርመር ከመጠየቃችሁ በፊት ማን እንደሚቆምላችሁ እወቁ። ከደሴ የሚወርደው የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲይዝ ባትሪውን በጥቂቱ መልሶ ይሞላል፤ ከእኔ ብዙ አይፈልግም። የእኔ ደንበኛ ከአዲስ አበባ ወደ 375 ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ ገና የደሴ ዳገት የሚጠብቀው ሰው ነው። አንድ ወር በር ላይ ቆሜ እየቆጠርኩ ነው። ሳልጨርስ አልገዛም።

በፀሐይ የሚሞሉትን መብራቶች መሸጥ ግን ወዲያው ጀመርኩ። ከማዘዛችሁ በፊት አንዱን ወስዳችሁ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ አውሉት፣ ማታ አብሩትና ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጻፉ። ዋስትና የሌለውን አትያዙ፤ የተበላሸ ሲመጣ እዚያው የምትለውጡበት ሁለት ሦስት ትርፍ ይኑራችሁ። እኒያ እናት የወሰዱት በሦስተኛው ወር ማብሪያው እንቢ አላቸው። ሰኞ ይዘውት መጡ፤ ቆመው ሳሉ ለወጥኩላቸው። ጠርሙሱም በእጃቸው ነበር። አሁን የምግብ ዘይት ይገዙበታል።