ቃሉ የጠፋበት ልጅ ንግግሩን እንዳያቋርጥ
እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ መማር የጀመሩ ልጆች የአንድ ነገር ስም ሲጠፋባቸው ወይ ዝም ይላሉ፣ ወይ ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይመለሳሉ። ይህን ለማስቀረት «ኢትስ ኤ ካይንድ ኦቭ» (የ... ዓይነት ነው)፣ «ዩ ዩዝ ኢት» (ትጠቀምበታለህ) እና «ኢት ሉክስ ላይክ» (...ን ይመስላል) የሚሉትን ሦስት ሐረጎች ሳይተነትኑ እንዳሉ ያስጠኗቸው፤ ከዚያም ለአንድ ልጅ ብቻ የሥዕል ካርድ ሰጥተው፣ ስሙን ሳይጠራ በሐረጎቹ እየገለጸ ጓደኛው ምን እንደሆነ እንዲደርስበት ያድርጉ። የጃንጥላ ሥዕል የደረሰው ልጅ «ዩ ዩዝ ኢት ኢን ዘ ሬይን» (በዝናብ ጊዜ ትጠቀምበታለህ) ብሎ እጁን ከራሱ በላይ ቢዘረጋ በቂ ነው፤ የእጅ ምልክትም ራሱን የቻለ የመግባቢያ ስልት ስለሆነ ሊከለከል አይገባም።

ዘዴው የሚሠራው ሐረጎቹ ተዘጋጅተው ስለሚጠብቁት የልጁ ሐሳብ በሰዋስው ከመጠመድ ይልቅ የሚያውቃቸውን ቃላት ወደ መፈለግ ስለሚያዘነብል ነው። አድማጩም መልሱን ስለማያውቅ ከልቡ ያዳምጣል፤ ይህ በብዙ የክፍል ልምምዶች ውስጥ የማይገኝ ትልቅ ነገር ነው። ልጁ ሲንተባተብ ቃሉን ፈጥኖ ማቀበል ግን ልምምዱን በሙሉ ከንቱ ስለሚያደርገው፣ መምህሩ ቢከብደውም ጥቂት ሰከንዶች ይታገሥ። መምህሩ የነገሩን ስም ለልጁ የሚነግረው፣ ጓደኛው ምን እንደሆነ ከደረሰበት በኋላ ነው።

መነሻ የሚሆኑ ጥቂት ቃላት እንኳ ላልያዙ ልጆች ጊዜው ገና ነው። የዕለቱ ትምህርት ዓላማ ያንኑ ስም ማስያዝ ከሆነም በቀጥታ ማስተማሩ ይሻላል።