ለሳሎን ወንበር ጨርቅ ስትመርጡ ጀርባውን ገልብጡ

ጨርቅ ቤት ገብቶ ፊቱን የማይዳብስ ሰው የለም። ይለሰልሳል፣ ያምራል፣ ከመጋረጃው ጋር ይሄዳል፤ አለቀ፣ ይቆረጥ ይባላል። እኔ ባሕር ዳር ሶፋ በማልበስ ነው የምተዳደረው። አሮጌ ልብስ ገፍፌ ሳወጣ ጨርቁ ለምን እንዳላገለገለ የሚነግረኝ አብዛኛውን ጊዜ ጀርባው ነው። እናንተም ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጡት።

መጀመሪያ ግን ወንበሩ የት እንደሚቀመጥ ወስኑ። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሙቀቷ ቆላ ያስመስላታል እንጂ ፀሐይዋ የከፍታ ቦታ ፀሐይ ናት፣ ቀለም ትበላለች። ወንበሩ መስኮት ስር ከሆነ ከጨርቅ ቤቱ ቁራጭ ለምኑና ግማሹን በካርቶን ሸፍናችሁ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት አቆዩት። ካርቶኑን ስታነሱ ልዩነት ካያችሁ ተዉት። ባለ ሱቁ ቁራጭ አልሰጥም ካለ ሩብ ሜትር ግዙ፤ አምስት ሜትር ከምትከስሩ ይሻላል።

አሁን ወደ ሌዘሩ። ጥቅል ሆኖ በሜትር የሚሸጠው ሌዘር ቆዳ አይደለም፤ ከስር ጨርቅ፣ ከላይ ፕላስቲክ ነው። የላዩ ፕላስቲክ ሁለት ዓይነት አለው፦ ፖሊዩሬቴን እና ፒቪሲ። ፖሊዩሬቴኑ ለእጅ ይለሰልሳል፣ ቆዳም ይመስላል፤ ጠላቶቹ ግን ሙቀት፣ እርጥበትና ላብ ናቸው። ሐይቁ ዳር ባለ ቤት ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ጠጥቶ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ሲሞቅ እየተሰነጠቀ ይላጣል። መጀመሪያ የሚላጠው ራስ የሚደገፍበትና ክንድ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ገልብጣችሁ እዩት፦ ጀርባው ስስ መረብ ከሆነና በሁለት እጃችሁ ሰያፍ ስትስቡት ፊቱ ላይ ነጭ መስመር ካወጣ፣ ዋጋው ቢረክስም አትውሰዱት። ጀርባው ጥቅጥቅ ያለ ሹራብ መሰል ጨርቅ ከሆነ ይሻላል። ፒቪሲው እርጥበቱን ይችላል፣ በጨርቅም ይወለወላል፤ ግን አየር አያሳልፍም፣ በሚያዝያ ቀትር በቁምጣ የተቀመጠ ሰው ተላቆ ነው የሚነሳው። ለካፌ እሺ፣ ለሳሎን እኔ አልመክርም።

እውነተኛ ቆዳ የምትፈልጉ ጀርባውን በጥፍር ፋቁት፤ የቆዳ ጀርባ ጨርቅ ሳይሆን፣ በሥጋው በኩል የነበረው ለስለስ ያለ ጭረት ያለው ወገን ነው። የአገራችን የበግ ሌጦ በዓለም የታወቀ ነው፣ ግን ስስ ነው፣ ለጓንት ነው የሚወደደው። ለመቀመጫ የከብት ቆዳ፣ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር የማያንስ ጠይቁ።

ከፋይ አሁን ፋሽን ነው፣ ክፉም አይደለም። ጨርቁን ወደ ኋላ እጠፉትና እጥፋቱ ላይ ጸጉሩ ተከፍሎ ከስሩ ያለው ሽመና ከታየ ሳስቷል ማለት ነው። ከዚያ ጀርባውን በጥፍራችሁ ደጋግማችሁ ፋቁ፤ ጸጉሩ ከፊት ከረገፈ አልታሰረም፣ መቀመጫው ላይ ቶሎ ይመለጣል። ሰሪውንም የጸጉሩ አቅጣጫ በሁሉም ቁራጭ አንድ ይሁን በሉት። አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ከሆነ አንድ ወንበር ላይ ሁለት ቀለም ይታያችኋል።

ንጹሕ ጥጥ ሲቀመጡበት ደስ ይላል፣ አይሞቅም። ነገር ግን ከግድግዳ ተጠግቶ ክረምቱን ካሳለፈ ሻጋታ ያነሳል። ለዚህ ከተማ የምመርጠው ጥጥና ፖሊስተር የተቀላቀለ፣ ጥብቅ ሽመና ያለው፣ ሊነን (የተልባ ክር ጨርቅ) የሚመስለው ጨርቅ ነው። ባለ ሱቁ ጥጥ ነው ሲላችሁ ከጠርዙ ጥቂት ክር መዝዛችሁ ከቤት ውጭ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ይቀልጥና ደርቆ ጠጣር ፍሬ ይሆናል። ሁለቱንም ካያችሁ ድብልቅ ነው። ማሳያ ደብተር ያለው ጨርቅ ቤት ከገባችሁ ደግሞ ማርቲንዴል የሚል ቁጥር ፈልጉ፤ ጨርቁ ስንት ጊዜ ተፈትጎ እንደቻለ ነው የሚያሳየው። ለቤት 20,000 እና ከዚያ በላይ ይበቃል፤ ሐይቁ ዳር ላለ ሎጅ ወይም ምግብ ቤት ከሆነ 40,000 ይሁን። ደጅ ለሚያድር ወንበር ግን ክሩ ከመፈተሉ በፊት ቀለም የገባበት አክሪሊክ (ሰው ሠራሽ ክር) ፈልጉ፤ ሌላው አብዛኛው ፀሐዩን አይችልም።

ማን እንደሚቀመጥበትም አስቡ። አንዲት እናት ለልጃቸው ሰርግ ክሬም ከፋይ ይዘው መጡ፤ ጸጉራቸው ለጋ ቅቤ ተቀብቷል።

«እማማ፣ ይሄ መደገፊያው ላይ ወዲያው ነው የሚጠቁርብዎ።»

«ታዲያ ለሰርግ ጥቁር ላልብስ ልጄ?»

እውነታቸውን ነው። ክሬሙን አለበስኩት፣ የራስጌውን ግን ለብቻው ባለ ዚፕ አድርጌ ከዚያው ጨርቅ ሁለት ሰፋሁላቸው፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይለብሳል። እናቶቻችን መደገፊያ ላይ ዳንቴል ሲጥሉ ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ቅቤ ፖሊስተር ውስጥ ከገባ በውሃ ብቻ አይለቅም፤ ከመታጠቡ በፊት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቀብታችሁ አቆዩት።

ስፖንጁን በአጭሩ፦ ጥሩ ጨርቅ መጥፎ ስፖንጅ ላይ ይሸበሸባል። በእጅ መጫን ብዙ አይነግራችሁም፣ መዝኑት። 60 በ60፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመቀመጫ ስፖንጅ ከአንድ ኪሎ በታች ከመዘነ ቶሎ ይሰረጉዳል።

ልኬት ላይ የሶፋ ጨርቅ ብዙውን ጊዜ ወርዱ 1 ሜትር ከ40 ነው፣ ለአንድ ሰው ወንበር ከ4 እስከ 5 ሜትር ይወስዳል። አበባ ወይም ትልቅ መስመር ካለበት፣ ወይም ከፋይ ከሆነ፣ አንድ ሜትር ጨምሩ። ሁሉንም ከአንድ ጥቅል በአንድ ቀን አስቆርጡ፤ ሌላ ጊዜ የሚመጣው ጥቅል የቀለም ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ቀለሙ ሊለይ ይችላል። የተረፈውን ቁራጭ ደግሞ ከሰሪው ላይ ተቀበሉ፣ ቡና ሲፈላ የማጨሻ ፍም ክንዱ ላይ ቢወድቅ የሚጣፈው በሱ ነው።