የቆስጣና የባሮ ሽንኩርት ኪሽ በጎንደር ማድ ቤት

ቅዳሜ ገበያ ያለችው አትክልት ሻጭ ደንበኛዬ ባሮ ሽንኩርት ስመርጥ ባየችኝ ቁጥር «ዛሬም ለፈረንጅ ነው?» ትለኛለች። ድሮ እውነቷን ነበር። ፒያሳ አካባቢ ባለች ትንሽ ፔንሲዮን ወጥ ቤት ስምንት ዓመት ስሠራ ባሮ የምገዛው ለእንግዶች ሾርባ ነበር። አሁን የምገዛው ለቤቴ ነው፤ ለልጆቼ፣ ለአማቴ፣ አንዳንዴም ለልደት ለሚያዝዙኝ ጎረቤቶች። የምሠራውም ኪሽ ነው።

ያስተማረችኝ የደብረ ብርሃን ሥላሴን የጣሪያ ሥዕል ልታይ መጥታ አንድ ወር እኛ ዘንድ ያረፈች ፈረንሳዊት ናት። አንድ እሑድ ኦቭናችንን ለመነችና ሠራችው። የእሷ አማርኛ ከሰላምታ አያልፍም፣ የእኔም ፈረንሳይኛ ከቦንዡር፤ ስለዚህ የተማርኩት እጇን እያየሁ ነው።

ነገሩ ይሄው ነው፦ ከታች በቅቤ የተሠራ እርሾ የሌለው ስስ ሊጥ፣ ከላዩ የበሰለ አትክልት፣ በአትክልቱ ላይ ከወተት ጋር የተመታ እንቁላል፣ ከዚያ ኦቭን። ኪሽ የሎሬን ምግብ ነው፤ ሎሬን ከጀርመን ጋር የሚዋሰነው የፈረንሳይ ክፍል ነው። እዚያ የታወቀው ዓይነት የአሳማ ሥጋ ስላለበት ለእኛ ቤት አይሆንም። በሰሜን ፈረንሳይ፣ ፒካርዲ ላይ ደግሞ ባሮ ሽንኩርት ሞልተው ይሠሩና ፍላሚሽ ይሉታል። እኔ የምሠራው ከሁለቱ የተዳቀለ ነው ብትሉ አልቀየምም።

ኪሽን የሚያበላሸው ውሃ ነው። የቅቤው ውሃ፣ የሊጡ ውሃ፣ ከሁሉም በላይ የአትክልቱ ውሃ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ኪሾቼ ከላይ ሲያዩዋቸው ያምሩ ነበር፤ ሲቆረጡ ግን ታቻቸው ገንፎ ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ውሃን የማስወጣት ጣጣ ነው።

ከቅቤው እንጀምር። ንጥር ቅቤ አይሆንም፤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ኪሹን ወጥ ወጥ ያሰኘዋል። የሚያስፈልገው ለጋ ቅቤ ነው፤ እሱ ደግሞ አሬራ ይዟል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ በእጃችሁ እያገላበጣችሁ እጠቡት፤ ውሃውን ድፉና ድገሙት። ነጭ የነበረው ውሃ ጠርቶ ሲወጣ አሬራው አልቋል። ከዚያ ሳህን ላይ በማንኪያ ጀርባ ጫኑት፤ እንደ ላብ ጠብ ጠብ የሚለውን አፍስሱ። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት ይቆይ። ፍሪጅ ከሌለ በታኅሣሥ ጠዋት በማለዳ ሥሩት፤ የጎንደር ብርድ ፍሪጅ ነው። ከሱፐርማርኬት ጨው የሌለው የታሸገ ቅቤ ከገዛችሁ ይሄን ሁሉ ዝለሉት፤ ዋጋው ግን የሚያስደነግጥ ነው።

ለሊጡ ሩብ ኪሎ የፉርኖ ዱቄትና የዱቄቱን ግማሽ፣ ማለትም 125 ግራም ቅቤ። ሚዛን ባይኖራችሁ ባለሱቁ ይመዝንላችኋል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ቅቤውን ሽምብራ በሚያህል ቆራርጣችሁ ዱቄቱ ውስጥ ጨምሩና በጣት ጫፍ ፈርፍሩት፤ በመዳፍ አይሆንም፣ መዳፍ ይሞቃል፣ ቅቤውን ያቀልጠዋል። ቅንጬ ሲመስል በጣም ቀዝቃዛ ውሃ በሾርባ ማንኪያ አንድ አንድ እያላችሁ ጠብ አድርጉበት። ለጋ ቅቤ ምንም ቢታጠብ ውሃ አያጣም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሦስት ማንኪያ ይበቃዋል።

አሁን ተጠንቀቁ። እኛ ሊጥ ስናይ እጃችን ዝም አይልም፤ እስኪለሰልስ እናሸዋለን። ይሄ ዳቦ አይደለም። ብዙ የታሸ እንደሆነ እንደ ላስቲክ ይለጠጥና ኦቭን ውስጥ ገብቶ ይሰበሰባል፣ ሲበላም ይጠነክራል። እርስ በርሱ ከተያያዘ ይበቃል፤ ሰብስቡት፣ ጠፍጠፍ አድርጉት፣ በፌስታል ሸፍናችሁ ብርድ ቦታ ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት።

መዳመጫ የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም። ባዶ የዳሽን ጠርሙስ አጥቤ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልቼ ከድኜ በእሱ እዳምጣለሁ። ቅዝቃዜው ቅቤውን ስለሚይዘው ከእንጨቱ ይሻላል እላለሁ። ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ሲሳሳ 26 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የኬክ ፓትራ ላይ አልብሱት። ጥጉን በጣት ገፋ ገፋ አድርጉ እንጂ አትጎትቱት። ታቹን በሹካ ወጋ ወጋ አድርጉና እንደገና ለሩብ ሰዓት ብርድ ላይ ይረፍ።

ቀጥሎ ሊጡ ብቻውን ይጋገራል። ይሄን የዘለለ ሰው የእኔን ገንፎ ይበላል። የኬክ ወረቀት አንጥፉበትና ደረቅ ባቄላ ወይም ሽምብራ ሙሉበት፤ ክብደቱ ሊጡ እንዳይነፋና ጠርዙ እንዳይወርድ ይይዘዋል። ቀድሞ በጋለ ኦቭን፣ በ190 ዲግሪ 15 ደቂቃ። ከዚያ ባቄላውን ከነወረቀቱ አውጥታችሁ ሌላ ሰባት ስምንት ደቂቃ፣ ታቹ ደርቆ ፈዘዝ ያለ ወርቃማ እስኪሆን።

ባቄላው ከዚያ በኋላ አይበላም፤ ለሚቀጥለው ይቀመጣል። የእኔ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ሁለት ዓመት ኖሯል። አንድ ቀን ከሥራ ስመጣ አማቴ ቡና አፍልተው፣ ያንን ባቄላ ቆልተው ለጎረቤት አቅርበዋል። እንግዶቹ በጨዋነት አንድ አንድ ፍሬ ጉንጫቸው ውስጥ ይዘው ያንከባልላሉ። «አንቺ ልጅ፣» አሉኝ እማማ፣ «ይኼን ባቄላ ማን ሸጠልሽ? እንኳን ለጥርስ ለወፍጮም አይመች!» አሁን ቆርቆሮው ላይ «አይበላም» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ወደ አትክልቱ። አራት ባሮ ሽንኩርት፣ አንድ እስር ቆስጣ፣ አንድ ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ ከፈለጋችሁ ሁለት ካሮት። ባሮውን በቁመቱ ሰንጥቃችሁ እጠቡት፤ አፈሩ የሚደበቀው በቅጠሎቹ መሐል ነው። ነጩንና ፈዛዛ አረንጓዴውን ብቻ ክተፉ፤ ጠንካራው ቅጠል ለሾርባ ይሁን። እዚህ ላይ የእኛ ሙያ ከፈረንጁ ይበልጣል። እነሱ ከመጀመሪያው ቅቤ ውስጥ ይጥሉታል። እኛ ግን ሽንኩርት ያለ ዘይት ማቁላላት ከእናታችን የተማርነው ነው፤ ለኪሽም የሚፈለገው ይኸው ነው። ባሮውንና ቀይ ሽንኩርቱን በደረቅ ድስት በለስላሳ እሳት አቁላሉ፤ ውሃውን ጨርሶ ድስቱን ያዝ ሲያደርግ አንድ ማንኪያ ቅቤ ጣል አድርጉና አውጡት። ቀለሙ እንዲጠቁር አይፈለግም።

ቆስጣውን ከአንጓው ለዩ። አንጓውን አድቅቃችሁ ከሽንኩርቱ ጋር አቁላሉት፤ ቅጠሉን በፈላ ውሃ አንድ ደቂቃ ነክራችሁ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ ጭመቁት። እንደ ልብስ ጭመቁት። ድስት ሙሉ የነበረው ጭብጥ ያህል ይሆናል፤ ያን ጊዜም አንድ ጊዜ ድገሙ። ካሮት ከገባ አስቀድሞ ይቀቀል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃችን 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ የፈረንጅ አሠራር አሥር ደቂቃ ካለ እኔ አሥራ አምስት እሰጠዋለሁ። ሁሉም ሲቀዘቅዝ ብቻ ሊጡ ላይ ይበተናል።

እንቁላል የፈረንጅ ከሆነ ሦስት፣ የሀበሻ ከሆነ አምስት። ወተቱ በጠቅላላው 300 ሚሊ ሊትር ነው። ፈረንሳዊቷ ክሬም ትጨምር ነበር፤ እኔ ወተቱን ማታ አፍልቼ አሳድርና ጠዋት ስልባቦቱን ከነወተቱ እመታዋለሁ። አንድ እፍኝ በጨርቅ የተጠለለ አይብ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ከተገኘ በፍርግርግ የተፈገፈገ ገውዝ፤ ገውዝ ሲበዛ ይመራል። በርበሬ አላገባም። ልጄ ሳህኑ ላይ ሚጥሚጣ ይነሰንስበታል፣ እሱን አልከለከልኩትም።

አፍስሱበትና በ180 ዲግሪ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ። ፓትራውን ነቅነቅ ስታደርጉት ዳሩ ጸንቶ መሐሉ እንደ ረጋ እርጎ ትንሽ ከተርገበገበ ደርሷል። ከዚያ በላይ ከቆየ እንቁላሉ ይቋጥርና ውሃ ይተፋል። ሃያ ደቂቃ ሳያርፍ አትቁረጡት፤ ልጆቹን ወደ ውጭ ላኩ።

መብራት ቢጠፋስ? ጠፍቶብኛል፣ በ12ኛው ደቂቃ ላይ፣ ለዚያውም ሰው ጠርቼ። ያደረግሁት የድፎ ዳቦን ነው። ትልቅ ብረት ድስት ከሰል ላይ ጥጄ፣ ውስጡ ሦስት ትናንሽ ድንጋይ አስቀምጬ፣ ፓትራውን በድንጋዮቹ ላይ አሳርፌ ከደንኩት፤ ክዳኑ ላይ ፍም ደረደርኩ። ከላይ በዛ፣ ከታች ሳሳ ያለ እሳት። አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ታቹ አንድ ቦታ ላይ ጠቆረ፣ ላዩ ግን ኦቭን ከሚሰጠው ቀለም የተሻለ ነበር።

ረቡዕና ዓርብ፣ በጾምም፣ ይሄ አይሆንም። ያኔ ሊጡን በ80 ሚሊ ሊትር ዘይትና በዚያው ልክ ለብ ባለ ውሃ እለውሰዋለሁ። በእንቁላሉ ፋንታ 120 ግራም የሽምብራ ዱቄት በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጬ፣ ጨውና ነጭ ሽንኩርት ጨምሬ አፈስበታለሁ። ሽምብራ አሳ የሠራች ሴት ዱቄቱ በእሳት እንዴት እንደሚጸና ታውቃለች። ፈረንሳዊቷ ብታየው ኪሽ ነው ትላለች ብዬ አልምልም፤ ይጣፍጣል ግን።

የተረፈው በማግስቱ ከሻይ ጋር ቀዝቅዞም ይበላል። ማሞቅ ካለባችሁ ማይክሮዌቭ ሊጡን ያላሽቀዋል፤ በደረቅ ምጣድ በለስላሳ እሳት አምስት ደቂቃ አቆዩት። ክዳን አትድፉበት፤ የክዳኑ ላብ መልሶ ይንጠባጠብበታል።