ስልኩን «ክሎዝ» አታድርጉት፦ ፍሬዛል ቨርብ ላይ ደጋግሜ የማርማቸው ስህተቶች

አንድ ተማሪዬ ባለፈው ሳምንት ፊቱ ጥቁርቁር ብሎ መጣ። አለቃው የውጭ አገር ሰው ነው። በስልክ እያወሩ መስመሩ ተቋረጠባቸው። ልጁ መልሶ ደወለና «አልዘጋሁብህም፣ ኔትወርኩ ነው» ሊለው ፈልጎ «አይ ዲድንት ክሎዝ ዘ ፎን» አለው። ሰውየው ግራ ገባው። ልጁ ደግሞ የተቆጣበት መስሎት ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አደረ።

ትክክለኛው «አይ ዲድንት ሃንግ አፕ ኦን ዩ» ነው። «ሃንግ አፕ» ፍሬዛል ቨርብ ነው፤ ግስ ከ«አፕ»፣ «ኦን»፣ «ኦፍ» ዓይነት ትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ አንድ ትርጉም ሲሰጥ እንዲህ ይባላል። «ሃንግ» መስቀል ማለት ነው። ድሮ ስልክ ግድግዳ ላይ በነበረበት ዘመን፣ ወሬ ሲያልቅ ማዳመጫው መንጠቆ ላይ ይሰቀል ነበር። መንጠቆው ጠፋ፤ አባባሉ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ማታ ማታ አዋቂዎችን እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ይህን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳረምኩ ቆጥሬ አልዘልቀውም። የሰነፍ ስህተት አይደለም። በአማርኛ ስልክ ይዘጋል፣ ቴሌቪዥን ይከፈታል፣ ሬዲዮ ይዘጋል፣ ቧንቧ ይከፈታል። ስለዚህ ሳናስበው «ኦፕን ዘ ቲቪ»፣ «ክሎዝ ዘ ሬዲዮ» እንላለን። እንግሊዝኛ ግን «ኦፕን» እና «ክሎዝ»ን ለበር፣ ለመስኮት፣ ለሻንጣ፣ ክዳን ላለው ነገር ነው የሚያውላቸው። በመብራት፣ በውሃ ወይም በጋዝ ለሚሠራው «ተርን ኦን» እና «ተርን ኦፍ» ይላል። ስልክ ላይ ያለ አፕ ግን «ኦፕን» ይደረጋል፤ እሱን አትንኩት።

ብዙ ሰው ፍሬዛል ቨርብ ሲባል ባዕድ ነገር ይመስለዋል። እኛ ቤት እኮ ሞልቷል። «ብድግ አለ» ስንል ሰውየው ምን አለ? ምንም አላለም፤ ተነሳ። «ቁጭ አለ»፣ «ጋደም አለ»፣ «ብቅ አለ»፣ «ዘወር አለ» ስንልም እንደዚያው። «አለ» እዚህ ከመናገር ጋር አይገናኝም። ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው አንድ ሥራ ይሠራሉ። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ መዝገበ ቃላት ይዞ «ብቅ»ን ለብቻ፣ «አለ»ን ለብቻ ቢፈልግ መቼም አይደርስበትም። እናንተም «ሾው አፕ»ን «ማሳየት» እና «ወደ ላይ» ብላችሁ ስትበታትኑት የምትሠሩት ያንኑ ነው። «ሾው አፕ» ብቅ አለ ነው። «ጌት አፕ» ብድግ አለ ነው። «ሲት ዳውን» ቁጭ አለ ነው። «ኢት አፕ» ደግሞ ዝም ብሎ መብላት አይደለም፤ ሳህኑን ጥርግ አድርጎ መብላት ነው። ይቺ «አፕ» ብዙ ቦታ ጥርግ፣ ሙልት፣ እልቅ የማድረግ ስሜት ታመጣለች፦ «ፊል አፕ»፣ «ዩዝ አፕ»፣ «ክሊን አፕ»።

ልጃቸው ዘንድ ወደ ቨርጂኒያ ለመሄድ የሚዘጋጁ አንዲት እናት አስተምሬ ነበር። ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ልጄ፣ ይሄማ የኛው ነው!» አሉኝ። ከክፍሉ ሁሉ ቀድመው የገባቸው እሳቸው ነበሩ።

አሁን ትዕግስቴ ወደሚያልቅበት ልምጣ። ሽምደዳ! ተማሪው ደብተሩን ይዞ ይመጣል። አንድ ገጽ ሙሉ በ«ጌት»፦ ጌት አፕ፣ ጌት ኦን፣ ጌት ኦፍ፣ ጌት ኢን፣ ጌት ኦቨር፣ ጌት ባይ፣ ጌት አዌይ፣ ጌት አሎንግ። ቀጥሎ አንድ ገጽ በ«ቴክ»። ቀጥሎ በ«ፑት»። ከእያንዳንዱ ጎን አንድ የአማርኛ ቃል። ሌሊቱን ሲሸመድድ ያድርና «ጌት ኦቨር ምንድን ነው?» ስለው «ማለፍ» ይለኛል። ዓረፍተ ነገር ሥራበት ስለው «አይ ጎት ኦቨር ዘ ኤግዛም» ይላል፣ ፈተናውን አለፍኩ ለማለት። «ጌት ኦቨር» እኮ ከሐዘን፣ ከበሽታ፣ ከድንጋጤ ማገገም ነው! ፈተና ማለፍ «ፓስ» ነው፣ በቃ። ልጁ ለፍቷል፤ የለፋው ግን እርስ በርስ የሚመሳሰል ስምንት ነገር በአንድ ሌሊት ጭንቅላቱ ውስጥ ለማጨቅ ነው። የሚመሳሰል ነገር አንድ ላይ ሲጨቅ ይደባለቃል። ጠዋት «ጌት ኦን» እና «ጌት አሎንግ»ን የሚለይበት ምንም ምልክት የለውም፤ ምክንያቱም አንዱንም ከኑሮው ጋር አላገናኘውም። ከዚያ «እንግሊዝኛ አይገባኝም» ብሎ ራሱን ይረግማል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ጎበዝ ልጅ በመጥፎ ደብተር ምክንያት ደደብ ነኝ ብሎ ሲያስብ ማየት።

እባካችሁ በግሱ ሳይሆን በጉዳዩ ሰብስቧቸው። ጠዋት ከቤት እስክትወጡ፦ «ዌክ አፕ» ነቃሁ፣ «ጌት አፕ» ተነሳሁ፣ «ፑት ኦን» ለበስኩ፣ «ሴት ኦፍ» መንገድ ጀመርኩ። ስልክ ላይ፦ «ፒክ አፕ» አነሳ፣ «ሆልድ ኦን» ቆይ አንዴ፣ «ጌት ስሩ» መስመር አገኘሁ፣ «ኮል ባክ» መልሶ ደወለ፣ «ሃንግ አፕ» ዘጋ። በሳምንት አምስት ይበቃል። ለእያንዳንዱ ስለ ራሳችሁ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ስለ ጆን እና ስለ ሜሪ አትጻፉ፤ ስለ እህታችሁ፣ ስለ ሰፈራችሁ ጻፉ። እኔም ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በፊደል ተራ ነበር የምሸመድደው። ፈተናውን አልፌበታለሁ። የመጀመሪያው ቱሪስት ፒያሳ ላይ መንገድ ሲጠይቀኝ ግን አንዷም አልመጣችልኝም።

ወደ ቦታ አቀማመጥ እንሂድ። «ተርን ኦፍ ኢት» አይባልም። «ተርን ኦፍ ዘ ቲቪ»ም «ተርን ዘ ቲቪ ኦፍ»ም ይሆናል። ስሙ ቀርቶ «ኢት፣ ሂም፣ ሄር፣ ሚ፣ ዜም» ሲመጣ ግን የግድ መሃል ይገባል፦ «ተርን ኢት ኦፍ»፣ «ዌክ ሂም አፕ»፣ «ፒክ ሚ አፕ»። ማስታወሻው አማርኛ ውስጥ አለ። «አጥፋው» ስንል «ው» ግሱ ላይ ትለጠፋለች። «ቀስቅሰው»፣ «ውሰደኝ» ላይም እንደዚሁ። «ኢት»ም ከግሱ አትርቅም። መሃላቸው የማይከፈት ግን አሉ። «ሉክ አፍተር» መንከባከብ ነው፤ «አይ ሉክ አፍተር ሄር» እንጂ «ሉክ ሄር አፍተር» የለም። የቱ ይከፈታል፣ የቱ አይከፈትም? ጥሩ የተማሪ መዝገበ ቃላት ይነግራችኋል። የሚከፈተውን «ተርን ሰምቲንግ ኦፍ» እያለ መሃሉን ከፍቶ ይጽፈዋል። ይህን ምልክት ሳያዩ የሚያልፉት ብዙዎች ናቸው።

የሥራ ማመልከቻ ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መጨረሻው መስመር ነው። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ» ይላል፣ መልሳችሁን በጉጉት እጠብቃለሁ ለማለት። «ሂሪንግ» ነው መሆን ያለበት። «ቱ»ን ያየ ሰው ቀጥሎ ባዶ ግስ ያስገባል፤ እዚህ ግን ሥራዋ ሌላ ነው። ስም አስገብታችሁ ሞክሩት፦ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዩር ሪፕላይ»። ስም የሚገባበት ቦታ ላይ ግስ ሲገባ «ኢንግ» ይዞ ነው። እኔ ራሴ ከምረቃ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ በስህተቱ አመልክቻለሁ፤ ያረመኝ አልነበረም።

ስለ «ብኝ» ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም የምወደው ትምህርት ይሄ ነው። «ስኳር አለቀብኝ»፣ «ባትሪ ዘጋብኝ»፣ «መኪናው ተበላሸብኝ»፣ «ስልኩን ዘጋችብኝ»። በዚህች «ብኝ» ውስጥ ነገሩ መድረሱ ብቻ ሳይሆን እኔ ላይ መድረሱ፣ መጎዳቴም አለ። እንግሊዝኛ ይህ የለውም የሚሉ አሉ። አለው! «ኦን ሚ» ይላል። «ማይ ፎን ዳይድ ኦን ሚ»፣ «ማይ ካር ብሮክ ዳውን ኦን ሚ»፣ «ሺ ሃንግ አፕ ኦን ሚ» (ያለፈ ጊዜው ሲጻፍ hang ሳይሆን hung ነው፣ ተጠንቀቁ)። ጥላኝ ሄደች ለማለት «ሺ ዎክድ አውት ኦን ሚ»። ያው ቅሬታ፣ ያው ሕመም። ግን ሁሉም ቦታ አይሠራም። ለስኳሩ እንግሊዝኛ ሰውየውን ፊት ያስቀድማል፦ «አይ ራን አውት ኦፍ ሹገር»። «ሹገር ፊኒሽድ ኦን ሚ» አትበሉ። ቁልፍ ሲጠፋባችሁም «አይ ሎስት ማይ ኪ» ነው።

ቁልፍ ካነሳን፣ «ፈለገ» ሁለት ሥራ ስላለው ያሳስታል። መሻት «ዎንት» ነው፣ የጠፋ ነገር ፍለጋ «ሉክ ፎር» ነው። «አይ አም ፋይንዲንግ ማይ ኪ» የሚሉ አሉ፤ «ፋይንድ» ግን ፍለጋው አልቆ ማግኘት ነው። «ለበሰ»ም እንደዚሁ፤ ልብሱን ማጥለቁ «ፑት ኦን»፣ ለብሶ መዋሉ «ዌር»። እናቴ አሳደገችኝ «ማይ ማዘር ብሮት ሚ አፕ» ነው እንጂ «ግሪው ሚ አፕ» አይባልም፤ «ግሮው አፕ» ራስ ማደግ ነው።

ትርፍ ቃል የሚጨመርባቸውም አሉ። መቋቋም ለማለት «ኮፕ አፕ ዊዝ» የለም፤ «ኮፕ ዊዝ» ብቻ። «ዲስከስ አባውት» የለም፤ «ዲስከስ» ብቻ። «ሪተርን ባክ» የለም፤ «ሪተርን» ብቻ። በተቃራኒው «ዌይት» እና «ሊስን» ላይ የግድ የሚያስፈልገው ይረሳል፦ «ዌይት ፎር ሚ»፣ «ሊስን ቱ ሚ»።

አንዷን ግን በጥንቃቄ ያዙልኝ። አጎቱ ያረፉበት አንድ ተማሪዬ ለቅሶ ለመሄድ ፈቃድ ሊጠይቅ አለቃው ቢሮ ገባ። «ማይ አንክል ፓስድ አውት» አለ። አለቃው በቅንነት «አሁን ተሻላቸው?» ብሎ ጠየቀው። «ፓስ አውት» ራስን ስቶ መውደቅ ነው። «ፓስ አዌይ» ነው እኛ «አረፉ» የምንለው፣ ያው ለስለስ ያለው አነጋገር። ልጁ ያንን ጥያቄ ሲሰማ ምን እንደተሰማው ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህችን ቃል ለአዲስ ተማሪ በመጀመሪያው ወር አስተምራለሁ።

መኪና ላይ፦ «ወራጅ አለ!»ን «ጌት ዳውን» ብለው የሚተረጉሙ ብዙ ናቸው። ከአውቶቡስ፣ ከባቡር፣ ከአውሮፕላን «ጌት ኦፍ» ነው፣ መሳፈሩ «ጌት ኦን»። ከትንሽ መኪና ግን «ጌት አውት ኦፍ»፣ መግባቱ «ጌት ኢን»። ውስጡ ቆማችሁ መራመድ ከቻላችሁ «ኦን» እና «ኦፍ» በሉ። አሜሪካ ሄዳችሁ የምትነዱ ደግሞ «ፑል ኦቨር»ን ሳታውቁ መሪ አትጨብጡ። ፖሊስ ሲላችሁ ዳር ይዛችሁ ቁሙ ማለቱ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ካሉ ተማሪዎቼ አንዱ «ፑል» ስለሚል የሆነ ነገር ሳቡ የተባለ መስሎት እንደነበር ነግሮኛል። ፎርም መሙላት እዚያ «ፊል አውት» ነው፤ እንግሊዞች «ፊል ኢን» ይላሉ።

አንዳንዴ ችግሩ ይገለበጣል። እኛ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ታሪኩንም ባዮሎጂውንም በእንግሊዝኛ ነው የተማርነው። ስለዚህ «ቶለሬት» (መታገስ)፣ «ፖስትፖን» (ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ)፣ «ኤክስቲንግዊሽ» (እሳት ማጥፋት) እናውቃለን። ጎረቤት የሚለው ግን በዚያው ተራ «ፑት አፕ ዊዝ»፣ «ፑት ኦፍ»፣ «ፑት አውት» ነው። የመጽሐፉ ቃል ስህተት አይደለም። ለሪፖርት፣ ለአይልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ጽሑፍ እንዲያውም እሱ ይሻላል። ለቡና ወሬ ግን የደብዳቤ ሽታ አለው፤ ለጓደኛችሁ «ቀጠሮውን ፖስትፖን እናድርገው» ከምትሉት «ሌትስ ፑት ኢት ኦፍ» ይቀላል። «ኢት» መሃል መግባቷን እዩልኝ።

የመጨረሻዋ «ሸኘ» ናት። «አይ አኮምፓኒድ ማይ ብራዘር ቱ ቦሌ» ይላሉ፤ ሰዋስዉ አይከፋም፣ ግን አብሮ መሄዱን እንጂ መሰነባበቱን አይናገርም። «ሲ ኦፍ» የሚባል ቃል አለ፣ ልክ የኛን «ሸኘ» የሚያህል። ባሏ ዘንድ የምትሄድ አንዲት ተማሪዬ የመጨረሻው ክፍል ላይ «ቲቸር፣ ቤተሰቦቼ ሸኙኝ እንዴት ይባላል?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። በሳምንቱ ከቦሌ ተርሚናል መልእክት ላከችልኝ። «ማይ ፋሚሊ ሶው ሚ ኦፍ» ይላል። «ሚ» ቦታዋ ላይ ነበረች።