የዘንድሮ ሩኪዎችን ከገና በፊት እንዴት እንመዝናቸው?

በየዓመቱ ጥቅምት አጋማሽ ላይ የአሜሪካው የባስኬት ሊግ ኤንቢኤ ሲከፈት ነው ነገሩ የሚጀምረው። በነሱ (በአሜሪካ ምስራቅ) ማታ 1 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ ለኛ ሌሊት 8 ሰዓት ነው፣ ትንሽ ቆይተው ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ደግሞ 9 ይሆናል፣ እና ባህር ዳር ያለን የባስኬት ወዳጆች ወይ ነቅተን እናያለን ወይ ጠዋት ስንነሳ ሃይላይት አይተን ወደ ስራ እንሮጣለን። ከዛ ማታ ጣና ዳር ጭማቂ ቤት ስንገናኝ ገና ሶስት ጨዋታ የተጫወተ የ19 ዓመት ሩኪ፣ ማለትም በሊጉ የመጀመሪያ ዓመቱ የሆነ ልጅ ላይ ፍርድ መስጠት ነው። አንዱ «ይሄ ልጅ ፍሎፕ (የከሸፈ) ነው በቃ» ይላል፣ ሌላው «የዘንድሮ ድራፍት ከ2003ቱም ይበልጣል» ይላል፣ ሁለቱም ማስረጃቸው የነጥብ ብዛት ነው። (ድራፍት ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ልጆችን በተራ የሚመርጡበት ነው፣ ተራው ፒክ ይባላል፣ የ2003ቱ እነ ሌብሮን ጄምስ የወጡበት ነው። እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።) እኔን ይሄ ነገር ከልቤ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም በዚህ ስፖርት ውስጥ እንደ ሩኪ ማየት የምወደው ነገር የለም፣ ነጥቡን ብቻ ካየህ ደግሞ ዋናው ነገር ያመልጥሃል። ስለዚህ እስካሁን ሲሰራልኝ የቆየውን አካሄድ እንዳለ ላስቀምጥላችሁ።

መጀመሪያ ቀን ቁረጡ። እኔ የራሳችንን ካላንደር ነው የምጠቀመው፣ ደግሞ ይገጥማል። ሕዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ አብዛኛው ቡድን ከ15 እስከ 18 ጨዋታ አድርጓል። ገና ላይ 35 አካባቢ ይደርሳል፣ ጥምቀት ላይ ደግሞ 40 አለፍ ብሎ ከዓመቱ 82 ጨዋታ ግማሹ አለቀ ማለት ነው። ጾሙ እስኪገባ ማስታወሻ ብቻ እይዛለሁ፣ ፍርድ የለም። በጾሙ ጊዜ ልጁ ምን እንደቀየረ አያለሁ። ገና ላይ የመጀመሪያ ሃሳቤን እናገራለሁ፣ ደረጃ የማወጣው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው።

ለምን ይሄን ያህል ትጠብቃለህ ላላችሁኝ፣ ማይክል ካርተር ዊሊያምስን አስታውሱ። 2013 ላይ በ11ኛ ፒክ ፊላደልፊያ ወሰደው፣ የመጀመሪያ ጨዋታው ያኔ ሻምፒዮን ከነበረው ማያሚ ጋር ነበር፣ 22 ነጥብ፣ 12 አሲስት (ለሚያገባ ያቀበለው)፣ 9 ስቲል (የነጠቀው)፣ 7 ሪባውንድ (ሳይገባ ሲመለስ የያዘው ኳስ) አድርጎ አሸነፉ። ዓለም ጉድ አለ። የዓመቱ ሩኪም ሆነ፣ አማካዩ 16.7 ነጥብ ከ6.2 ሪባውንድና 6.3 አሲስት ጋር ነበር። ግን ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ሌላ ነገርም ነበረ፣ ሹቱ የሚገባው 40.5 በመቶ ብቻ፣ ሶስት ነጥቡ 26.4 በመቶ፣ ቡድኑ ደግሞ በሊጉ ውስጥ በጣም በፍጥነት የሚጫወት ስለነበር የሁሉም ቁጥር ያብጣል፣ በዛ ላይ 26 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ 63 ሽንፈት ይዞ ነው ዓመቱን የጨረሰው። ተከላካዮች ሹት እንደማይችል ካወቁ በኋላ ወደ ኋላ እየሸሹ ይጠብቁት ጀመር። በሁለተኛ ዓመቱ የካቲት ላይ ፊላደልፊያ ራሱ በልውውጥ ለሌላ ቡድን ሰጠው።

በዛው ድራፍት በ15ኛ ፒክ የተወሰደው ያኒስ አንቴቶኩምፖ በመጀመሪያ ዓመቱ አማካዩ 6.8 ነጥብ ነበር። በኋላ ግን ሁለት ጊዜ ኤምቪፒ (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች)፣ 2021 ላይ ሻምፒዮን።

ከዚህ የተማርኩት ዋናው ነገር እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ አስር ጨዋታዎች ሩኪውን ማንም አያውቀውም። ከዛ በኋላ ግን የሁሉም ቡድን ኮቾች ቪዲዮውን ቁጭ ብለው አይተውታል፣ ወደ ግራ መሄድ እንደማይወድ፣ ስክሪን ሲደረግለት (ጓደኛው ተከላካዩን በሰውነቱ ሲዘጋለት) ሹት እንደማይሞክር፣ ሁለት ሰው ሲመጣበት ኳስ እንደሚጥል ያውቃሉ። ሩኪን የምትመዝነው ሊጉ ካወቀው በኋላ በሚሰጠው መልስ ነው። ሕዳር መጀመሪያ ላይ የነጠቁትን ኳስ ታኅሣሥ ላይም እንደዛው ከነጠቁት አሳሳቢ ነው፣ ታኅሣሥ ላይ አንድ ድሪብል ቀድሞ ካቀበለው ግን ነጥቡ ባይጨምር እንኳን ልጁ እያደገ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ፣ ቶሎ ልለፈው። የሶስት ነጥብ ፐርሰንት በመጀመሪያ ወር አትመኑ። 20 ሞክሮ 9 ያስገባ ልጅ 45 በመቶ ነው፣ ከነዛ ሶስቷ የቀለበቱን ጠርዝ መትታ ብትወጣ 6 ከ20፣ ማለትም 30 በመቶ ይሆናል፣ ልጁ ያው ልጅ ነው። ከዛ ይልቅ ፍሪ ስሮው እዩ፣ ማንም ሳይከላከለው ቆሞ የሚወረውረው ስለሆነ እጁ ምን እንደሆነ ቶሎ ያሳያል። ሶስት ነጥቡ 28 በመቶ ሆኖ ፍሪ ስሮው ላይ 85 በመቶ የሚያስገባ ልጅ ካየሁ ታገሱት ነው የምለው። ሌላው፣ ነጥቡን በስንት ሙከራ እንዳመጣው አስሉ፣ ሞባይላችሁ ላይ ካልኩሌተር አለ። ፍሪ ስሮው ሙከራውን በ0.44 አባዙት፣ የሹት ሙከራው ላይ ደምሩት፣ የመጣውን በ2 አባዙና ነጥቡን ለሱ አካፍሉት። 20 ጊዜ ሞክሮ 2 ፍሪ ስሮው ወርውሮ 20 ነጥብ ያመጣ ልጅ 48 በመቶ አካባቢ ይመጣል፣ ደካማ ነው። 9 ሞክሮ 4 ፍሪ ስሮው ወርውሮ 14 ያመጣው ግን 65 በመቶ ነው። ጭማቂ ቤት የሚወራለት ባለ 20ው ነው፣ እኔ ግን ባለ 14ቱን ነው የምከተለው።

ቡድኑ ምን እንደጠየቀው ሳታውቁም አትፍረዱ። ሪድ ሼፐርድ 2024 ላይ 3ኛ ፒክ ነበር፣ ሂውስተን ግን በዛ ዓመት 52 ጨዋታ ያሸነፈ ጠንካራ ቡድን ስለነበር ልጁ ብዙውን ጊዜ ቤንች ላይ ነበር፣ አማካዩም 4.4 ነጥብ ሆነ። ስንት ሰው ፍሎፕ አለው፣ በሁለተኛው ዓመት ደቂቃ ሲያገኝ ግን ጨዋታው ተከፈተ። በተቃራኒው ኩፐር ፍላግ 2025 ላይ 1ኛ ፒክ ሆኖ ዳላስ ሲገባ ገና 18 ዓመቱ ነበር፣ ፎርዋርድ የሆነውን ልጅ ኮቹ ጄሰን ኪድ መጀመሪያ ላይ ኳስ አመላላሽ አድርጎ አሰለፈው። እንደዛ ዓይነት ልጅ ተርንኦቨር (ኳስ ለተቃራኒ መጣል) ሲያበዛ ስታዩ ይሄ የሱ ድክመት ነው ወይስ አዲስ ስራ ስለሰጡት ነው ብላችሁ ጠይቁ።

እድሜም ጻፉ፣ ከስሙ አጠገብ። ማልኮም ብሮግደን 2017 ላይ የዓመቱ ሩኪ ሲሆን 24 ዓመቱ ነበር፣ ያኒስ ሲጀምር 18። አንድ ሚዛን ላይ ልታስቀምጣቸው አትችልም።

አሁን ደግሞ በጣም የምወደው ክፍል፣ ዓይን። የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ሜዳ ላይ ቅዳሜ ጠዋት ከሚጫወቱት መሃል አንድ ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ፣ ድሮ ተጫዋች ነበሩ፣ አሁን ጉልበታቸው ስለማይፈቅድ ዳር ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አንድ ቀጭን የፍሬሽማን ልጅ ሲጫወት «ይሄ ልጅ ምንም አያገባም» አልኳቸው። «ኳሱን ተወውና እግሩን እይ» አሉኝ። አየሁት። ልጁ ኳሱ ሌላ ቦታ እያለ አንድ እጁ የሚጠብቀው ሰው ወገብ ላይ ነው፣ አንገቱ ግን ወዲያና ወዲህ ይዞራል፣ ሰውየው ሊሮጥ ሲል በእጁ ይሰማዋል፣ ከቀለበቱ ስር ክፍት ቦታ ሲኖር ደግሞ ኳሱ ሳይደርስ ቀድሞ ይደርሳል። አራት ጊዜ ሲያደርገው ቆጠርኩ፣ አንድም ነጥብ አላገባም፣ የሱ ቡድን ግን ደጋግሞ አሸነፈ። ከዛ ቀን ጀምሮ ኤንቢኤን የማየው እንደዛ ነው።

እንዲህ አድርጉ። ሙሉ ጨዋታ ለማየት ኮኔክሽኑም እንቅልፉም ካልበቃችሁ አንድ ሩብ ብቻ ምረጡ፣ 12 ደቂቃ ናት፣ ሁለተኛው ወይም ሶስተኛው ይሻላል። በዛች ሩብ ኳሱን እርሱትና ሩኪውን ብቻ ተከተሉ። ስክሪን ሲመጣበት ይጋጫል ወይስ ዞሮ ይቀራል? ሹተር ላይ ሲሮጥ መጨረሻ ላይ እርምጃውን ያሳጥራል ወይስ እንደ ባጃጅ ፍሬን እንቢ ብሎት ያልፈዋል? ኳስ ከተነጠቀ በኋላ ወደ ኋላ ይሮጣል ወይስ እጁን ዘርግቶ ዳኛ ላይ ያማርራል? ኳስ ሲደርሰው ወዲያው ይወስናል ወይስ ያለ ምክንያት ሁለት ሶስት ጊዜ ያነጥራል? መልሱን ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፉ። ከአስር ጨዋታ በኋላ ያንኑ ልጅ በተመሳሳይ መንገድ እዩት፣ ልዩነቱን የትኛውም ሠንጠረዥ ከሚነግራችሁ በላይ ታዩታላችሁ። ሃይላይት ይሄን አያሳይም፣ ሃይላይት ውስጥ ያለው የገባ ኳስ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ከልብ ልናገር፣ የራሳችን የምንለው ልጅ ሲሆን ሚዛኑ ይከብዳል። ካማን ማሉአች ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳናዊ ነው፣ በ17 ዓመቱ ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ለሃገሩ ተሰልፏል፣ 2025 ላይ በ10ኛ ፒክ ተመርጦ ፊኒክስ ገባ። ሲጫወት ሳየው ሆዴ ይላወሳል። ግን ረጃጅም ልጆች ሰውነታቸውም የዲፌንስ ንባባቸውም ዘግይቶ ነው የሚበስለው፣ ስለዚህ ስለምወደው ብቻ ማርክ አልጨምርለትም፣ ደቂቃ ስላላገኘ ብቻም አልቀንስበትም።

የመጨረሻው፣ ድራፍቱን በጅምላ ስትመዝኑ ሜዳ ላይ የሌሉትንም ቁጠሩ። 2014ን ተመልከቱ። ኒኮላ ዮኪች 41ኛ ፒክ ነበር፣ በዛ ዓመት ገና ሰርቢያ ነበር የሚጫወተው። ጆኤል ኤምቢድ 3ኛ ፒክ ነበር፣ እግሩን ተጎድቶ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተሰለፈም። ያኔ ገና ላይ ያንን ድራፍት የመዘነ ሰው በኋላ ኤምቪፒ የሆኑትን ሁለቱንም ልጆች አንዲት ደቂቃ እንኳን ሳያያቸው ነው የፈረደው። በ2013 ደግሞ 1ኛ ፒክ የነበረው አንቶኒ ቤኔት ክረምቱን ትከሻው ኦፕራሲዮን ስለተደረገ በቂ ልምምድ ሳያደርግ ነው የገባው፣ አማካዩ 4.2 ነጥብ ሆነ። እሱ እውነትም አልተሳካለትም፣ ግን በሱ ምክንያት ያኒስ ያለበትን ድራፍት የማይረባ ነው ያለ ሰው ብዙ ነበር። 1ኛ ፒኩ የአንድ ቡድን ምርጫ ነው፣ ድራፍቱ ወደ 60 ልጅ ነው። 2024 ላይ የተወሰደው ጄለን ዌልስ 39ኛ ሆኖ የዓመቱ ምርጥ አምስት ሩኪዎች ውስጥ ገብቷል፣ የዓመቱ ሩኪ የሆነው ስቴፎን ካስልም 4ኛ ፒክ ነበር።

ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ ሦስት ገጽ ክፈቱ። አንዱ በየቀኑ ለሚጫወቱ፣ አንዱ ጠንካራ ቡድን ገብተው ቤንች ላይ ለተቀመጡ፣ አንዱ ለተጎዱና ገና ላልመጡ። ጥምቀት ሲያልፍ ደረጃ የምታወጡት ከመጀመሪያው ገጽ ብቻ ነው። ሁለተኛውን ገጽ በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት፣ ሦስተኛውን ልጁ ጫማውን ባጠለቀ ቀን ክፈቱት።