የ1994ቱን የኒው ዮርክ ሂፕ ሆፕና ቅርጫት ኳስ ዛሬ እንዴት እንከታተለው?

የ1990ዎቹን ሂፕ ሆፕና የኤን ቢ ኤ (የአሜሪካ ዋናው የቅርጫት ኳስ ሊግ) ቅርጫት ኳስ የሚናፍቅ ሰው በአብዛኛው የሚያገኘው ተቆራርጠው የተቀጣጠሉ ቪዲዮዎችን ነው፤ እነዚህም የዘመኑን ዝና እንጂ አካሄዱን አያሳዩም። ስለዚህ አንድ ከተማና አንድ ዓመት መርጠው ይጀምሩ። የእኔ ምርጫ ኒው ዮርክ፣ እ.ኤ.አ. 1994 ነው።

በቅድሚያ የኒው ዮርኩ ራፐር ናስ በዚያ ዓመት ሚያዝያ ያወጣውን የመጀመሪያ አልበሙን ቅደም ተከተሉን ሳያዛቡ በጆሮ ማዳመጫ ያዳምጡ፤ ርዝመቱ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። በመጀመሪያው ዙር ግጥሙን ትተው፣ ከአልበሙ የሙዚቃ አቀናባሪዎች መካከል ዲጄ ፕሪሚየርና ፒት ሮክ ከቆዩ ሸክላዎች ቆርጠው የወሰዷቸውን ድምፆች ይከተሉ።

ቀጥሎ በኒው ዮርኩ ቡድን በኒክስና በሂዩስተን ሮኬትስ መካከል የተካሄደውን የፍጻሜ ፍልሚያ ስድስተኛና ሰባተኛ ጨዋታ ሙሉውን ይመልከቱ። በሰባቱም ጨዋታዎች አንዱም ቡድን 100 ነጥብ አልደረሰም፤ ይህ ለዛሬ ተመልካች አሰልቺ ሊመስል ቢችልም፣ ዓይንዎን ከኳሱ አንሥተው ከቅርጫቱ ሥር ያለውን ግፊያ ቢያዩ ምክንያቱ ይገባዎታል። በስድስተኛው ጨዋታ ማብቂያ፣ ሂዩስተን 86 ለ84 እየመራ፣ የኒክሱ ጆን ስታርክስ የወረወረውን የሦስት ነጥብ ኳስ የሂዩስተኑ ሃኪም ኦላጁዋን በጣቱ ጫፍ ነክቶ ሲያከሽፈው ምስሉን እያቆሙ ደጋግመው ይዩት፤ ያን የሚያህል ረጅም ተጫዋች እስከዚያ ድረስ ወጥቶ መድረሱ በራሱ ያስገርማል። ስታርክስ በሰባተኛው ጨዋታ ከ18 ሙከራዎች ያስቆጠረው 2 ብቻ ነበር (ይህን ለኒክስ ደጋፊ ባያነሡ ይመረጣል)።

ጊዜ ከተረፈዎት ሰኔ 17 (እ.ኤ.አ.) የተካሄደውን አምስተኛውን ጨዋታ በዕለቱ የቴሌቪዥን ሥርጭት መልኩ ይፈልጉት፤ ፖሊስ በግድያ የተጠረጠረውን የቀድሞ የአሜሪካ ፉትቦል ኮከብ ኦ ጄ ሲምፕሰንን በመኪና ሲከታተል የሚያሳየው ምስል ከጨዋታው ጋር ስክሪኑን ተጋርቶ ነበር።