የነብሯ ልጃገረድ፦ ከኮሪያ ተረት ለወጣቶች የፍቅር ልብ ወለድ አጻጻፍ

ከኮሪያ ተረት ተነሥቶ ለወጣቶች ምናባዊ የፍቅር ታሪክ መጻፍ የሚፈልግ ሰው እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጉሚሆ፣ ዘጠኝ ጅራት ወዳላት ቀበሮ ነው። ቀጥሎ ተንኮለኛውን ፍጡር ዶኬቢን ይጨምራል፤ ከዚያ ጥቁር ቆብ የደፋውን የሞት መልእክተኛ። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ፍጡራኑ ይበዙና ለፍቅረኞቹ ቦታ ይጠፋል። አንድ ተረት ይበቃል። ሲመረጥም መታየት ያለበት የፍጡሩ መልክ አይደለም፤ ፍጡሩ ምን ተከለከለ፣ ክልከላው ሲጣስ ዋጋውን የሚከፍለው ማነው፣ የሚለው ነው። ፍቅሩ የሚቃጠለው በዚያ ዋጋ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ያልነካው ግሩም ተረት አለ። መነኩሴው ኢርየን በ13ኛው ክፍለ ዘመን ባጠናቀረው ሳምጉክ ዩሳ በተባለ የጥንት ኮሪያ ታሪኮችና ተረቶች ስብስብ ውስጥ ይገኛል። በጥንታዊው የኮሪያ መንግሥት በሺላ፣ በንጉሥ ወንሰንግ ዘመን (እ.ኤ.አ. 785–798)፣ ሰዎች በጨረቃ አቆጣጠር በሁለተኛው ወር ከ8ኛው እስከ 15ኛው ቀን በህንግንዩንሳ ገዳም ያለውን የግንብ ማማ እየዞሩ ይጸልዩ ነበር። ቦታው የዛሬዋ የደቡብ ኮሪያ ከተማ ግየንግጁ ነው። ኪም ህየን የሚባል ወጣት ሌሊት ብቻውን ሲዞር አንዲት ልጅ ከኋላው ትዞራለች፤ ይዋደዳሉ። እስከ ቤቷ ሲከተላት ሦስቱ ወንድሞቿ ነብሮች ሆነው ያገኛቸዋል፤ እሷም ነብር ናት። ከሰማይ ድምፅ ይመጣል፦ ብዙ ነፍስ አጥፍታችኋልና አንዳችሁ ትቀጣላችሁ። ቅጣቱን እሷ ትወስዳለች። ነገ ከተማ ገብቼ ሰው አቆስላለሁ፤ ንጉሡ ለገደለኝ ሹመት ይሰጣል፤ አንተ ጫካ ድረስ ተከተለኝ፣ ትለዋለች። እምቢ ይላል። እሷ ግን በማግስቱ ጫካ ውስጥ ሰይፉን መዝዛ በራሷ እጅ ትሞታለች። እሱ ተሾመ፤ በስሟም ሆወንሳ የተባለውን ገዳም ሠራ።

ከመጻፍ በፊት በአንድ ገጽ ላይ አራት መስመር ይውጣ፦ ደንቡ (ከአራቱ አንዱ ይቀጣል)፣ ዋጋው (ሕይወት)፣ ከፋዩ (እሷ)፣ ተጠቃሚው (እሱ)። ችግሩ አራተኛው መስመር ላይ ነው። የልጅቷ ሞት ለወጣቱ የሹመት መሰላል ሆኗል፤ የ16 ዓመት አንባቢ ይህን በቀላሉ አይውጠውም፣ ልክም ነው። የተለመደው ስሕተት ዋጋውን ጭራሽ መሰረዝ ነው፤ ሰማይ ይምራቸዋል፣ ይጋባሉ፣ ያልቃል። እንዲህ ከሆነ ያለፉት ሃያ ምዕራፎች ለምን እንደተጻፉ አይታወቅም። ዋጋው ይቆይ፤ የሚቀየረው መልኩና የሚካፈሉት ሰዎች ናቸው። አንድ የሚሠራ መንገድ፦ ወጣቱ ሰይፉንም ሹመቱንም ይጥላል፣ ዕዳው ግን አይሰረዝም፤ እሷ ከዚያ ወዲያ በዓመት ውስጥ ሰው የምትሆነው በሁለተኛው ወር ከ8ኛው እስከ 15ኛው ሌሊት ብቻ ነው። ደንቡ ከተረቱ ከራሱ የወጣ ስለሆነ ከውጭ የተለጠፈ አይመስልም።

እነዚያ ስምንት ሌሊቶች የመጽሐፉ ልብ ናቸው። በጨረቃ አቆጣጠር 8ኛው ሌሊት ጨረቃ ግማሽ ናት፤ 15ኛው ላይ ትሞላለች። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሌሊት አንድ ምዕራፍ ይሰጥና ብርሃኑ እየጨመረ ይሂድ። በመጀመሪያው ሌሊት የእግር ኮቴ ብቻ ይሰማል፤ በሦስተኛው የእጇ ቅርጽ ይታያል፤ በስድስተኛው ፊቷ፤ በስምንተኛው ሙሉ ጨረቃ ላይ ዓይኗ እንደ አውሬ ዓይን ብርሃን ሲመልስ ያያል። ሌላ መብራት አይግባ። ግማሽ ጨረቃ እኩለ ሌሊት አካባቢ እንደምትጠልቅም አይረሳ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ክፍል በድምፅ ብቻ ይጻፋል። መጽሐፉ 24 ምዕራፍ፣ እያንዳንዱ ወደ 1,800 ቃል ቢሆን ስምንቱ ሌሊቶች ሲሶውን ይይዛሉ። የወንድሞቿ ቤት ከ9 እስከ 14፣ ከተማውና ጫካው ከ15 እስከ 21፣ ቀሪው ሦስት ምዕራፍ ለአዲሱ ኑሮ።

አማርኛ እዚህ ላይ ትልቅ ጉልበት አለው። ኮሪያውያን እንደ እድሜና ማዕረግ የሚለያይ የአነጋገር ደረጃ አላቸው፤ እኛም አንቱታ አለን። ሁለቱ በ«እርስዎ» ይጀምሩ፤ ወደ «አንተ» እና «አንቺ» የሚደረገው ሽግግር አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይምጣ፤ ከዚያም ወደኋላ አይመለስ። ያቺ ቃል ከመሳሳም የበለጠ ትሠራለች። በየገጹ እየተቀያየረ ከሄደ ግን ኃይሉ ይሞታል።

ጾታም እንዲሁ። ከተማው ሲሸበር ሕዝቡ «ነብሩ ገባ!» ብሎ ይጮኻል፤ «ነብሯ» የሚለው እሱ ብቻ ነው። ማንም ምንም ሳያስረዳ አንባቢው ይገባዋል። አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ለአማርኛ አንባቢ ነብር ማለት ዝንጉርጉር ነው፤ የኮሪያው ግን መስመር ያለው፣ ግዙፉ ነው። የመጀመሪያው ነብር በታየበት ገጽ ላይ ጥቁሩ ሰንበር ካልተገለጸ አንባቢው ሌላ እንስሳ ይዞ መጽሐፉን ይጨርሳል።

ስሞችን ከእንግሊዝኛ ፊደል መገልበጥ ያበላሻል። እንግሊዝኛው በሁለት አናባቢ (eo እና eu) የሚጽፋቸው ሁለት የኮሪያ ድምፆች አማርኛ ውስጥ አቻቸው ቅርብ ነው፤ አንዱ ወደ ግዕዙ (ሰ፣ የ)፣ ሌላው ወደ ሳድሱ (ስ፣ ህ)። ስለዚህ «ጆሴዮን» ሳይሆን ጆሰን፣ «ዩንሲዮ» ሳይሆን እንሰ። የቤተሰብ ስም ይቀድማል፤ ኪም የአባት ወገን ነው፣ ህየን የራሱ።

ዶኬቢን «ጋኔን»፣ ሙዳንግን (ሰውን ከመናፍስት ጋር የምታገናኘውን ሴት) «ጠንቋይ» ብሎ መተርጎምም ይጎዳል። ጋኔን የተባለ ገጸ ባሕርይ ጠበል እንዲረጭበት ነው የሚጠበቀው፤ ዶኬቢ ግን ትግል የሚወድ፣ ከተጣለ አሮጌ መጥረጊያ እንኳ የሚወለድ ተንኮለኛ ነው። የኮሪያው ቃል ይቆይና ሥራው ይታይ።

ዘመን ማደባለቅ በተከታታይ ድራማ ያደጉ ጸሐፊዎችን ሁሉ ይጥላል። ታሪኩ በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከሆነ በኮሪያ ፊደል የተጻፈ የፍቅር ደብዳቤ አይኖርም፤ ፊደሉ በአዋጅ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1446 ነው፤ የተማረ ሰው በቻይና ፊደል ይጽፋል። በርበሬ የበዛበት ቀይ ኪምቺም የለም፤ በርበሬ ኮሪያ የገባው ከ8 መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የሞት መልእክተኛው ያ ሰፊ ጥቁር ቆብ የጆሰን ዘመን (እ.ኤ.አ. 1392–1897) ነው። ወደ ጆሰን ማዛወር የሚፈልግ በሰዓት እላፊው ይጠቀም፦ በዋና ከተማው በሀንያንግ (የዛሬዋ ሴኡል) ደወሉ ማታ 28 ጊዜ ሲመታ በሮቹ ይዘጋሉ፣ ንጋት ላይ 33 ጊዜ ሲመታ ይከፈታሉ። ገዳሙ ከበሩ ውጭ ከሆነ ፍቅረኞቹ እስኪነጋ ወደ ከተማ መመለሻ የላቸውም።

ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ዝርዝር ግን መዘለል የለበትም። በጥንቱ ተረት ልጅቷ ጥፍሯ ያቆሰላቸው ሰዎች እንዲድኑ መንገዱን አስቀድማ ትናገራለች፦ የህንግንዩንሳ ገዳም የአኩሪ አተር ስጎ ቁስሉ ላይ ይቀባ፣ የገዳሙም መለከት ይሰማ። ስለዚህ የስጎው ማሰሮ በሁለተኛው ሌሊት ግድግዳው ጥግ ይታይ፤ በአራተኛው ክዳኑ ይከፈትና ሽታው ይሰማት፤ መለከቱ በየንጋቱ ይነፋ። ምዕራፍ 18 ላይ ወጣቱ የቆሰለ ሕፃን ፊት ሲንበረከክ እጁ የሚሄደው ወደዚያ ማሰሮ ነው።